ቆንጆውና አውሬዋ

«ቆንጆዋና አውሬው» የሚለውን ርዕስ ለመገልበጥ አማርኛ የሚጠይቀው ሁለት ፊደል ነው። «ዋ» እና «ው» ቦታ ይለዋወጣሉ፤ «ቆንጆውና አውሬዋ» ይሆናል። ከርዕሱ በታች ያለው ተረት ግን እንዲህ በዋዛ እሺ አይልም። ልጅቷ በወጣት ወንድ፣ ፀጉራሙ የቤተ መንግሥት ጌታ በእመቤት ሲተኩ የእርግማኑ ክብደት ይለወጣል። ወንድ ላይ ሲወድቅ አንድ ነገር የነበረው፣ ሴት ላይ ሲወድቅ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ያንን ክብደት ነው። ጾታ የተገለበጠባቸው የፍቅርና የእርግማን ተረቶች ከየት መጡ? እነማን ጻፏቸው? ሲገለበጡስ ምን አሳዩን? (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2020 በለንደን ፌበር የተባለው ማተሚያ ቤት ያወጣው አንድ መጽሐፍ ግልበጣውን ያለ ምንም ጌጥ ሠርቶት ነበር። ካሪ ፍራንስማን የምትባል ሠዓሊና ጆናታን ፕላኬት የሚባል የቴክኖሎጂ ባለሙያ፣ ጥንዶች ናቸው፣ የቆዩ ተረቶችን ወስደው በኮምፒውተር ፕሮግራም አሳለፏቸው። ፕሮግራሙ ንጉሥን በንግሥት፣ እሱን በእሷ፣ ሴት ልጅን በወንድ ልጅ ይተካል፤ ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል አይነካም። ሥዕሉን የሣለችው ፍራንስማን ናት። እንዲህ ስንገለብጥ በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ እየሰፋ ልጅ የሚመኝ ንጉሥ እናገኛለን፤ በፈረስ መጥታ እሾሁን ጥሳ የምትገባ ልዕልት እናገኛለን። ስንት ጊዜ ሰምተነው ያላስተዋልነው ነገር በድንገት ዐይናችን ውስጥ ይገባል።

ጥንዶቹ ጽሑፉን የወሰዱት ስኮትላንዳዊው አንድሩ ላንግ ከ1889 እስከ 1910 ካሳተማቸው፣ በየቀለማቸው ከተሰየሙት 12 የተረት መጻሕፍት ነው። በሽፋኑ ላይ የላንግ ስም ብቻ ይነበባል። አብዛኛውን የተረጎሙት ግን ባለቤቱ ሊዮኖራ ብላንሽ አሌይንና ሌሎች ሴቶች ነበሩ፤ እሱም በየመቅድሙ ይህን ሳይደብቅ ጽፏል። የሴት ድምፅ በወንድ ስም ሥር ሲተላለፍ መኖሩ ለዚህ ዘርፍ እንግዳ አይደለም።

ያ ፕሮግራም አማርኛ ውስጥ ቢገባ ምን ይገጥመው ነበር? ለማየት ብዬ ጥቂት ገጽ በእጄ ገልብጬ ነበር። እንግሊዝኛ ጾታን የሚሸከመው በተውላጠ ስሞችና በጥቂት ስሞች ላይ ነው። የእኛ ቋንቋ ግሡ ውስጥ ይከተዋል፤ ተኛ፣ ተኛች፤ ነቃ፣ ነቃች። ሳይነካ የሚታለፍ ዐረፍተ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እንስሶቹም አሉ። በተረታችን ጅብ አያ ጅቦ፣ ጦጣ እመት ጦጢት ናቸው፤ ጾታቸውን ከነማዕረጋቸው ይዘው ነው ወደ ታሪኩ የሚገቡት። ድመትን «ድመቷ»፣ እንቁራሪትንም «እንቁራሪቷ» ማለት ይቀናናል፤ ስለዚህ እንቁራሪት ሁን ተብሎ የተረገመው ልዑል በአማርኛ ማንም ሳይገለብጠው ግማሽ መንገድ ሄዶ ይጠብቀናል። «አውሬዋ» ስንል ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። አንስታዩ ቅርጽ ለእኛ ማሳነሻም ማቆላመጫም ስለሆነ፣ ያ አስፈሪ ፍጡር በአንዲት ፊደል ትንሽና ምስኪን ይሆናል።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ አንቱታው ነበር። ቆንጆዋ በመጀመሪያው እራት ላይ አውሬውን «እርስዎ» ብትለው ማንም አይገርመውም፤ ቤቱ የእሱ ነው፣ ሕይወቷም በእጁ ነው። ብልህ ተርጓሚ ፍቅሯን የሚያሳየው ምናልባት ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» በተሻገረችበት ቅጽበት ይሆናል። ስገለብጠው ግን እጄ ሳላዘው ከመጀመሪያው መስመር «አንቺ» ብሎ ጻፈ። ቤቱ የእሷ ነው፣ የወጣቱም ሕይወት በእጇ ነው፤ እኔ ግን «አንቺ» አስባልኩት። ሰርዤ «እርስዎ» ሳደርገው አውሬዋ ቁመት ጨመረች። እዚያ ነው ጉዳዩ የገባኝ፤ ቃሉን ገልብጬ በቃሉ ዙሪያ ያለውን ዓለም እንዳለ ትቼው ነበር።

ይህ የክብደት ልዩነት በጉልህ የሚታየው በጣም በቆየ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የኔፕልሱ ጃምባቲስታ ባሲሌ በ1632 ሞተ፤ በከተማው ቋንቋ የጻፋቸው ተረቶች ከሞተ በኋላ ከ1634 እስከ 1636 ታተሙ። መጽሐፉ የሚከፈተው ዞዛ በምትባል ልዕልት ነው። ዞዛ ከቶ አትስቅም። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት በንዴት ቀሚሷን ስትገልብ አይታ ሳቀች፤ አሮጊቷም ረገመቻት፦ በመቃብር ውስጥ ተኝቶ ያለውን ልዑል ታዴዮን ካላገባሽ ባል አይኑርሽ። ልዑሉ የሚነቃው አንዲት ሴት በሦስት ቀን ውስጥ እዚያ የተሰቀለውን እንስራ በእንባዋ ከሞላችው ነው። ዞዛ አገር አቋርጣ ሄደች፣ አለቀሰች፤ እንስራው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እንቅልፍ ጣላት። ሌላ ሴት ቀሪውን ሞልታ ልዑሉን ወሰደችው። (ያቺ ሴት ጥቁር ባሪያ ናት፤ ባሲሌም የሚገልጻት በንቀት ነው። ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ይህን አይቶ እንዳላየ ሊያልፈው አይገባም።)

በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ የተኛች ሴት አለች፤ ታሊያ ትባላለች። የተልባ ስንጥር ጥፍሯ ሥር ገብቶ ሞት የመሰለ እንቅልፍ ወስዷታል። አንድ ንጉሥ አገኛት፣ ተኝታ ሳለች ደረሰባት፣ ትቷት ሄደ። በእንቅልፏ መንታ ወለደች፤ የነቃችውም አንደኛው ሕፃን ጡት ሲፈልግ ጣቷን ጠብቶ ስንጥሩን ስላወጣው ነው። ሁለቱን አስተያዩ። ወንዱ ሲተኛ እሱን ለመቀስቀስ አንዲት ሴት እንስራ ሙሉ እንባ ታፈሳለች። ሴቲቱ ስትተኛ ማንም ፈቃዷን አይጠይቅም። እንቅልፉ አንድ ዓይነት ነው፤ የታየው ግን እንደተኛው ሰው ነው። ከባሲሌ በኋላ በ1697 ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ የተኛችውን ቆንጆ ታሪክ ለዘብ አድርጎ ጻፈው፣ በኋላ ወንድማማቾቹ ግሪም መሳም አስገቡበት፤ ዓለም የያዘው ይህን ነው። የተኛው ልዑልና የእንባው እንስራ ግን ተረሳ። ዛሬ አንድ ጸሐፊ «የተኛውን ቆንጆ» ሲጽፍ አዲስ ነገር የፈጠረ ይመስለናል።

እዚህ ላይ ስለ «እርግማን» ትንሽ ላብራራ። አማርኛ አውሮፓውያን የሚቀላቅሏቸውን ሁለት ነገሮች ይለያል። እርግማን ከተበደለ ሰው አፍ ይወጣል፤ አባት፣ እናት፣ የተዋረደች አሮጊት። የሚፈታውም በይቅርታና በካሣ ነው። ድግምትና መተት ግን የባለሙያ ሥራ ናቸው፤ መፍቻቸው ምሥጢር ወይም ብልሃት ነው፣ በደልም ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ዞዛን ያገኛት እርግማን ነው። ብዙዎቹን ወደ እንስሳት የተለወጡ የተረት ሰዎች ያገኛቸው ግን ድግምት ነው፤ ብዙ ጊዜም አንድ ጋብቻ እምቢ ስለተባለ የመጣ ድግምት።

ለዚህ ምስክሩ ራሱ የ«ቆንጆዋና አውሬው» የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው። ጋብሪኤል-ሱዛን ደ ቪልነቭ የምትባል ፈረንሳዊት መበለት በ1740 ረጅም አድርጋ ጻፈችው። በእሷ ትረካ ልዑሉን አውሬ ያደረገችው ያሳደገችው ፌ (የተረት አስማተኛ ሴት) ናት፤ ላግባህ አለችው፣ እምቢ አላት። አውሬውም ማታ ማታ ቆንጆዋን የሚጠይቃት አብራው ትተኛ እንደሆነ ነው። በ1756 ለንደን ውስጥ የሰዎች ልጆች እያስተማረች ትኖር የነበረችው ዣን-ማሪ ለፕረንስ ደ ቦሞን አሳጠረችው፤ ጥያቄውን ወደ «ታገቢኛለሽ?» ለወጠች፣ የፌዋንም ምክንያት አስወጣች። እኛ የምናውቀው ይህን የተማሪ ቤት ቅጂ ነው። በፍላጎት የታወረች ኃይለኛ ሴትና ፈቃዱ ያልተከበረ ወጣት ወንድ፣ የተገለበጠው ታሪክ፣ በዋናው ታሪክ ሆድ ውስጥ ነበር፤ የወጣው ለልጆች ሲታረም ነው።

ከቪልነቭ 42 ዓመት በፊት ደግሞ ፈረንሳዊቷ ማዳም ዶልኗ «ነጯ ድመት»ን አሳትማ ነበር። በዚህ ዘርፍ አንድ ጽሑፍ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው። ዶልኗ በልጅነቷ ከእሷ በብዙ ዓመት ለሚበልጥ ሰው የተዳረች ናት፤ በፈረንሳይኛ ለዚህ ዓይነቱ ተረት «የፌ ተረት» የሚለውን ስም የሰጠችውም እሷ ናት። በታሪኩ አንድ ንጉሥ ዙፋኑን እንዳይነጥቁት የፈራቸውን ሦስት ልጆቹን ፈተና ይሰጣቸዋል፤ በመጀመሪያ ትንሽ ውሻ፣ ቀጥሎ በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፍ ጨርቅ፣ በመጨረሻ ቆንጆ ሙሽራ። ትንሹ ልጅ ጫካ ውስጥ አካል የሌላቸው እጆች የሚያስተናግዱበት ቤተ መንግሥት ያገኛል። የቤቱ እመቤት የሐዘን መሸፈኛ ያጠለቀች ነጭ ድመት ናት። በየዓመቱ ፈተናውን የምትፈታለት እሷ ናት። በሦስተኛው ዓመት ጭንቅላቴንና ጅራቴን ቆርጠህ እሳት ውስጥ ጣል ትለዋለች። ያለቅሳል፣ ይለምናል፣ በመጨረሻም ያደርገዋል፤ ሴት ሆና ትነሣለች።

እዚህ አውሬው ሴት ነው፤ ቤቱ፣ ሀብቱ፣ ዕውቀቱ ሁሉ የእሷ ነው። ወጣቱ እንግዳ ነው፣ የሚፈለግበትም መታዘዝ ነው። ከተነሣች በኋላ የምትተርከው ታሪክም አለ፤ ያሳደጓት ፌዎች ያልፈቀዱትን ሰው በመውደዷ ባሏን ዘንዶ በላው፣ እሷን ድመት አደረጓት። በሙሽራው አባት ፊት ስትቀርብ ደግሞ ዙፋንዎን ያቆዩ ትለዋለች፤ የራሷ ስድስት መንግሥታት አሏት፣ አንዱን ለእሱ፣ አንዳንዱን ለሁለቱ ታላላቅ ወንድሞች ታድላለች። አውሬው ቤቱን ለቆንጆዋ ሰጠ ሲባል ልማድ ነው። ድመቷ አገር ስታከፋፍል ግን ዛሬም የሚደነግጥ አንባቢ አለ።

ተረት የሚመድቡ ሊቃውንት ሁለቱንም ወገን ያውቋቸዋል። ፊንላንዳዊው አንቲ አርኔ በ1910 የጀመረው፣ አሜሪካዊው ስቲት ቶምፕሰን በ1928ና በ1961 ያሰፋው፣ ጀርመናዊው ኡተር በ2004 ያደሰው መዝገብ እንስሳ ባል የሚጠፋበትንና የሚፈለግበትን ተረት ቁጥር 425፣ እንስሳ ሙሽራን ቁጥር 402 ብሎ ይይዛል። የሩሲያው «እንቁራሪቷ ልዕልት» ከ402ቱ በጣም የታወቀው ነው፤ ተረት ሰብሳቢው አፋናሲየቭ ከ1855 እስከ 1863 ባሳተመው ስብስብ ይገኛል። የንጉሥ ልጅ ቀስቱ ረግረግ ላይ ወደቀ፣ እንቁራሪት አገባ። ሚስቱ ሸሚዝ ትሰፋለች፣ ዳቦ ትጋግራለች፣ በግብዣ ላይ ሰው ሆና ሁሉን ታስደንቃለች። እሱ ግን ቤት ሮጦ ቆዳዋን ያቃጥለዋል። ትንሽ ብትታገስ ኖሮ የአንተ ነበርኩ ብላ ጠፋች፤ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል። ቆንጆዋ የምትፈተነው በማየት ነው፤ ከቆዳው ሥር ያለውን ማየት አለባት። ባልየው የሚፈተነው እጁን በመሰብሰብ ነው፤ የእሱ ያልሆነውን ቆዳ አለመንካት። ለእኔ የሁለተኛው ፈተና ይከብዳል፣ ብዙዎቹ ባሎችም ይወድቁበታል።

እንግሊዛዊው ቾሰር በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከባዝ ከተማ ለመጣችው ሴት ገጸ ባሕርይ በሰጣት ተረት ይህን ፈተና እስከ ጫፍ ወስዶታል። አንድ ባላባት ልጃገረድ ደፍሮ ሞት ተፈረደበት፤ ንግሥቲቱ ሴቶች ከሁሉ በላይ የሚሹት ምን እንደሆነ በዓመት ከአንድ ቀን ውስጥ ካወቀ ሕይወቱን ልትሰጠው ቃል ገባች። መልሱን የነገረችው መልከ ጥፉ አሮጊት ናት፤ ዋጋው ጋብቻ ነው። በሠርጋቸው ሌሊት ምርጫ ታቀርብለታለች፤ አስቀያሚና ታማኝ ልሁንልህ ወይስ ቆንጆና የማትተማመንብኝ? ውሳኔውን ለእሷ ተወው። ያኔ ቆንጆም ታማኝም ሆነች። ደፋሪ እንዲህ ባለ ሽልማት መጨረሱ አሁንም ያናድደኛል፤ ግን መፍቻው መሳም ሳይሆን «አንቺ ወስኚ» የሚል ቃል መሆኑን ማንም አይወስድበትም።

አሁን ደግሞ ግልበጣው ራሱ እርግማን ወደሆነበት ተረት። በመዝገቡ ቁጥር 514፣ «የጾታ ለውጥ» ተብሏል፤ በባልካን አገሮች ይነገራል። ሩማንያዊው ፔትሬ ኢስፒሬስኩ የጻፈውን ላንግ በ1901 በሐምራዊው መጽሐፉ አስገብቶታል። ወንድ ልጅ የሌለው ንጉሥ ለሌላ ኃያል ንጉሥ አንድ ወንድ ልጅ ለአገልግሎት መላክ አለበት። ታናሽቱ ልጁ እንደ ወንድ ለብሳ፣ አባቷ በየድልድዩ አውሬ መስሎ ያዘጋጀላትን ፈተና አልፋ ትሄዳለች። በአገልግሎቷ ኢሊያና የምትባል ውብ ለጌታዋ አምጪ ትባላለች፤ ሁለቱ በመንገድ ይቀራረባሉ። ኢሊያና ከዮርዳኖስ ማዶ ካለች ቤተ ክርስቲያን ጸበል ይምጣልኝ አለች። ልጅቷ ጸበሉን ይዛ ስትሸሽ ጠባቂው ባሕታዊ ከኋላዋ ረገማት፦ ሴት ከሆንሽ ወንድ ሁኚ፣ ወንድ ከሆንህ ሴት ሁን። ወንድ ሆነች፤ ኢሊያናን አገባ። አማርኛው ዐረፍተ ነገር ራሱ መሃል ላይ ግሡን ሲቀይር እዩት። በቁጣ የተወረወረው ቃል ምርቃት ሆኖ ያረፈበት እንዲህ ያለ ሌላ ተረት አላውቅም። የሮማው ኦቪድም ወንድ ተብላ ያደገችውን ኢፊስን በሠርጓ ዋዜማ ወንድ አድርጓታል፤ እሷን የለወጠቻት ግን ጸሎት የሰማች አምላክ ናት።

ወደ ዘመናችን ሲመጣ ክርክሩ ይቀድማል። አሜሪካዊቷ ደራሲ አሊሰን ሉሪ በ1970 የሕዝብ ተረቶች ብርቱ ሴቶች ስለሞሉባቸው ለሴቶች ነፃነት ይጠቅማሉ ብላ ጻፈች፤ ማርሺያ ሊበርማን በ1972 የመለሰችላት ሕፃናት እጅ የሚገቡት ዝነኞቹ ተረቶች ሴት ልጅን መጠበቅ ነው የሚያስተምሩት ብላ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዷ ስለ ጎተራው፣ ሌላዋ ስለ ገበታው ነው የምትናገረው። ከዚያ በኋላ ለልጆች የተጻፉት ብዙ ናቸው። ሮበርት መንሽ በ1980 ልዑል ከዘንዶ የምታስጥል ልዕልት ጻፈ፤ ባቤት ኮል በ1987 ሲንደሬላን ወንድ አድርጋ በእኩለ ሌሊት ሱሪውን አስጠፋችው። ሁለቱም ያስቃሉ፤ እርግማኑን ግን ብዙም አይመዝኑትም።

የመዘነችው እንግሊዛዊቷ ደራሲ አንጄላ ካርተር ናት። በ1979 ባወጣችው «የደም ክፍል» በተሰኘ ስብስብ ውስጥ ቫምፓየር የሆነች ወጣት የመኳንንት ልጅ አለች፤ በፈረሰ ቤተ መንግሥት ዕጣ ካርታዋን እየዘረጋች ትኖራለች፣ ምግቧ ሰው ነው፣ የአባቶቿን ርሃብ ወርሳለች። አንድ እንግሊዛዊ ወታደር በብስክሌት ይመጣል፤ ንጹሕ፣ ቆንጆ፣ ፍርሃት የማያውቅ። ቆንጆው እሱ ነው፣ አውሬዋ እሷ ናት፤ የተኛችውም እሷ ናት። ጣቷ ሲደማ ይስመዋል፤ ድግምቱ ይፈታል፣ ሰው ትሆናለች፣ ሰው በመሆኗም ትሞታለች። እሱ ወደ 1914ቱ ጦርነት ይሄዳል። ካርተር የወንዱን አውሬ ዕድል፣ ተስሞ መንግሥቱን ይዞ መኖርን፣ ለሴቷ አልሰጠቻትም። የውርስ ርሃብ በመሳም እንደማይጠፋ ታውቅ ነበር፤ ንጹሕ የተባለው ወጣትም የሚሄደው ወደ ሌላ እልቂት ነው።

ፊልሞቹ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በ2001 «ሽሬክ» ልዕልቷን በፍቅር መሳም ይበልጥ አውሬ አድርጎ አስቀረ፤ ይህ ደፋር ነው፣ ባሏም እንደ እሷ አውሬ መሆኑ ድፍረቱን ትንሽ ቢያቀለውም። በ2006 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ፔኔሎፒ» ግን ሊታይ ይገባል። የአንድ ቤተሰብ ቅድመ አያት ያስረገዛትን ገረድ ካዳት፤ የገረዲቱ እናት ረገመች፣ ከትውልዶች በኋላ የተወለደችው ልጅ የአሳማ አፍንጫ ይዛ መጣች። ይህ በትክክል እኛ እርግማን የምንለው ነው፤ በደል አለበት። ወላጆቿ ባል ያመጡላታል፣ ሁሉም ይሸሻል። የሚፈታው ሠርጓን ትታ፣ እንዳለሁ ራሴን እወዳለሁ ባለች ጊዜ ነው። መልካም ነው። ያቺ የተካደች ገረድ ግን ካሣዋን ሳታገኝ ፊልሙ አለቀ፤ ለአማርኛ ተመልካች ይህ ትንሽ ጎዶሎ አይደለም።

ወደ መጻሕፍት ስንመለስ፣ ቲ. ኪንግፊሸር በሚል የብዕር ስም የምትጽፈው ኡርሱላ ቨርነን በ2023 ያሳተመችው «ቶርንሄጅ»፣ የእሾህ አጥር እንበለው፣ በ2024 በኖቬላ (በመካከለኛ ርዝመት ልብ ወለድ) ዘርፍ የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። ቶድሊንግ በሕፃንነቷ በፌዎች የተሰረቀች፣ በውሃ ውስጥ ፍጡራን ያደገች፣ ጉርጥ መሆን የምትችል ሴት ናት። እሾሁን ለዘመናት የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ግንቡ ውስጥ የተኛችው ልጅ አደገኛ ስለሆነች አጥሩ የቆመው ዓለምን ከእሷ ለመጠበቅ ነው። ሃሊም የሚባል ሙስሊም ፈረሰኛ ወሬውን ሰምቶ ይመጣል። ጀግና ነኝ አይልም፤ ዐይናፋር፣ ትሑት፣ መጻሕፍት የሚወድ ሰው ነው። ልዕልቲቱን ሊስም የመጣ መስሎን ስንጠብቅ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጦ የጠባቂዋን ታሪክ ይሰማል። ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ይጠይቃታል፣ መልሷንም ይጠብቃል። የመጽሐፉ ፍቅር ያለው በዚህ ነው።

ጥቂት ገጾቹን ወደ አማርኛ ልመልስ ስቀመጥ ያው የአንቱታ ጥያቄ ጠበቀኝ። ጭቃ የነካ እጅ፣ የተጎሳቆለ ልብስ፣ ጉርጥ የምትመስል ሴት፤ አንድ ፈረሰኛ ምን ብሎ ይጠራታል? በዚህ ጊዜ እጄ አላመነታም። ሃሊም ከፈረሱ ወረደና «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ ነዎት የዚህ ስፍራ እመቤት?» አላት።